እርስዎ የሚባል አምላክ

ፔርኔት የእንጨት ጫማዋን አውልቃ በብብቷ ይዛ፣ ከጅረቱ እስከ ቤቷ ያለውን ዳገት በባዶ እግሯ ሮጠችው፤ ያውም በጥር፣ ጭቃው በርዶ እንደ ድንጋይ በጠጠረበት። ያጠበችውን አንሶላ ጅረቱ ዳር እንደተዘረጋ ትታዋለች። የልብስ መምቻ እንጨቷን ውሃ ይውሰደው ሌባ ይውሰደው አላወቀችም። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና፣

«ድራጎኖቹ፣ የንጉሡ ፈረሰኞች፣ መጡ» አለች። «የጅረቱን ድልድይ አልፈዋል። አሥራ ሁለት ፈረስ ቆጥሬያለሁ።»

ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስቱም እንግዶቿ ናቸው። ሱዛን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የልጇን ፀጉር ስትጎነጉን ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። ልጅቱ ኤስቴር ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእናቷ ጣቶች ለምን እንደቆሙ ሊገባት ስላልቻለ ዞራ አየቻት። አያትየው ጌዴዎን ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ይምጡ» አሉ። «አገሩ የንጉሣቸው አይደል?»

«አባቴ፣ እባክዎን» አለች ሱዛን።

«ምን አልኩ?»

ፔርኔት በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት። በሩን ብትዘጋው ምን ልታተርፍ? ንጉሡ ከላከው ወታደር ጋር በመወርወሪያ የሚታገል ቤት እስከ ዛሬ አልተሠራም። ግን ሰው ሲጨንቀው በር ይዘጋል፤ እሷም ዘጋች።

የእነዚህ ሰዎች ነገር እንዲህ ነው። ፔርኔት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ ከዚህ ከቢዩዤ ተራራ ሥር አንሥቶ ሊዮን ከተማ ወሰዳትና፣ ሐር በሚያሠሩት በጌዴዎን ቤት ፈትል እንድትጠቀልል አስቀጠራት። ሱዛን የጌታዋ ልጅ ናት፤ እኩያዋ። ስምንት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተዋል፤ በአንድ ማበጠሪያ አበጥረዋል፤ አንዷ ኩፍኝ ሲይዛት ሌላዋም ተያዘች። እነጌዴዎን ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ ሁግኖት የሚላቸው። ፔርኔት ካቶሊክ ናት፤ እሑድ እሑድ ወደየራሳቸው ይሄዳሉ፣ ሰኞ ሰኞ አብረው ይጠቀልላሉ። በመካከላቸው በዚህ ምክንያት ክፉ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ማለት ነው። ባለፈው ጥቅምት ንጉሡ አዋጅ አስነገረ፦ በመንግሥቴ ውስጥ ከዛሬ ወዲያ ሁግኖት የሚባል የለም። ጸሎት ቤታቸው ፈረሰ፣ ሰባኪያቸው ተባረረ፣ እነሱ ግን እንዳይወጡ ታገዱ። ሃይማኖቱን አልለውጥም ብሎ ድንበር ሲሻገር የተያዘ ወንድ የንጉሡ መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮ እስኪሞት ይቀዝፋል። ሴቷ ራሷን ተላጭታ ገዳም ትዘጋለች። ልጅ ካላት ልጇ ለካቶሊክ ይሰጣል። የሱዛን ባል ቀድሞ ወጥቶ የፕሮቴስታንቶቹ ከተማ ጄኔቭ ገብቷል። እሷም አባቷንና ልጇን ይዛ፣ የበቅሎ ጋሪ ተከራይታ፣ ከሦስት ቀን በፊት ፔርኔት በር ላይ ወረደች። የያዘችው የይለፍ ወረቀት «ክሎድ የተባሉ ሽማግሌ ከነልጃቸውና ማሪ ከተባለች የልጅ ልጃቸው ጋር፣ አንሲ የሚገኘውን የቅዱሱን መቃብር ሊሳለሙ» ይላል። ለመንደሩም «የባሌ አክስት ልጅ ናት፤ ሊጠይቁን ጎራ ብለው ነው» ተባለ። ሮን ወንዝን ከተሻገሩ ሌላ አገር፣ ሳቮይ ነው፤ ከዚያ ጄኔቭ ሁለት ቀን።

ወንዙ ግን ሞላ። የፔርኔት ባል አንቴልም ጠዋትና ማታ ወደ ጀልባው ባለቤት ይመላለሳል፤ ሰውየውም ጠዋትና ማታ ራሱን ይነቀንቃል። ለአንድ ሌሊት የታሰበው እንግድነት ሦስት ቀን ሆነ።

ፔርኔት በእነዚህ ሦስት ቀናት እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ማማተብ አስተማረቻቸው። መቁጠሪያ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተቀደሰው ውሃ ውስጥ ስንት ጣት እንደሚነከር አሳየቻቸው። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ከባዱ አንዲት ቃል ሆነች።

ካቶሊክ ሲጸልይ አምላኩን «እርስዎ» ይላል። ለንጉሥ፣ ለጌታ፣ ለአባት የሚባለውን ለእግዚአብሔር ሊነፍጉት ነው? ሁግኖት ግን «አንተ» ነው የሚለው። ፔርኔት ሊዮን የገባች ዕለት ማታ ያን ሰምታ ጣራው የሚወርድባት መስሏት ነበር። ስምንት ዓመት ግን ስምንት ዓመት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሆን «እርስዎ» ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆን፣ ሆዷ ሲባባ፣ አግብታ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ እንኳ ሳታቅፍ መቅረቷ ትዝ ሲላት፣ በልቧ «አንተ ታውቃለህ» ነበር የምትለው። ይህን ለአንቴልም አልነገረችውም፤ ለአባ ሪጎሌም በኑዛዜ አልተናገረችም። ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ጠይቃ እርግጠኛ ለመሆንም አልፈለገች።

ኤስቴርን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር ያስተማረቻት።

«በሰማያት የሚኖሩ አባታችን ሆይ፣ ስምዎ ይቀደስ። በይ።»

«ስንት ናቸው?» አለች ልጅቱ።

«አንድ ናቸው።»

«አንድ ከሆነ ለምን ናቸው ትያለሽ፣ እትዬ ፔርኔት?»

ሱዛን ከምድጃው ዳር ሳቋ አመለጣት። ያን ሳቅ ፔርኔት ከሰማችው አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅቱ በሁለት ቀን ለቅም አደረገችው። ጌዴዎን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣

«ስልሳ ስምንት ዓመት አንተ ያልኩትን አምላክ፣ ዛሬ ወታደር ፈርቼ እርስዎ ልለው?» አሉ። «ምን ይለኛል? ሽማግሌው ከእኔ ጋር ተጣልቷል አይልም?»

«ጌታዬ፣ ለልጅቱ ሲሉ» አለቻቸው ፔርኔት።

«ለልጅቱ ስል ዝም እላለሁ። ደንቆሮ ነው በሏቸው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጌዴዎን ሞኝ አልነበሩም፤ አለመልቀቁን ግን ያውቁበታል። ፔርኔትም ተወቻቸው። የጸሎቱን መጨረሻ ልጅቱን ስታስተምር፣ እሳቸው ከአንቴልም ጋር ወንዙን ለማየት ወጥተው ነበር።

አሁን ታዲያ የፈረስ ኮቴ ደጁ ላይ ቆመ።

የፈረሰኞቹ ሃምሳ አለቃ በሩን አንኳኳ። ማንኳኳቱ ፔርኔትን ይበልጥ አስፈራት። የመንደሩ ሹም የፈረመለትን የማደሪያ ወረቀት በአንድ እጁ፣ ባርኔጣውን በሌላው ይዞ ገባ። ረጅም፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ቦት ጫማው እስከ ጭኑ የደረሰ ሰው ነው። ጭፍሮቹ «ሐሳብ የለሽ» ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ካለ እናቱ ብቻ ናት።

«እመቤት» አለ፣ «አንድ ወታደር፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ሆድ። ከሦስቱ የሚያስቸግርሽ ሆዱ ነው። ፈረሱን ልጆቹ ይዘውታል።»

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ፔርኔት፤ ድምጿ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። «ባሌ ወንዝ ዳር ነው። ገንፎው ደርሷል።»

«ገንፎ» አለ በረጅሙ። «ከፑዋቱ እስከዚህ ስመጣ የአገሩ ገንፎ ሁሉ አንድ ነው። እነዚህስ?»

ሱዛን ተነሥታ ወረቀቱን ሰጠችው። በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ከዚያ ጌዴዎንን አያቸው።

«ሽማግሌ ሆነው በዚህ ብርድ? ስለታቸው ምን ቢሆን ነው?»

«ጉልበታቸው ነው» አለች ሱዛን።

«ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው በእግራቸው ተራራ ሊወጡ? ቅዱሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ ይስቃል» አለና ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «ጆሯቸው አይሰማም?»

«አይሰማም።»

«የታደሉ። እኔም የወታደር ከበሮ ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር።»

ወረቀቱን መለሰላት እኮ። ፔርኔት ይህን በዓይኗ አይታለች። በኋላ ስንትና ስንት ጊዜ ወደዚያች ቅጽበት ተመልሳ «እዚያ ላይ አልቆ ነበር» እያለች ራሷን በላችው። ማዕዱ ቀረበ፤ የበቆሎ ገንፎ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ነጭ ወይን። ሃምሳ አለቃው ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። ሱዛን ከግድግዳው በኩል፣ ልጅቱ ከጎኗ። ኤስቴር ማንም ሳያዛት እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያው እስከ «ከክፉ ያድኑን፣ አሜን» አንዲት ቃል ሳታዛንፍ አለችው። ስምዎ፣ መንግሥትዎ፣ ፈቃድዎ። አማተበችም።

«ጎበዝ» አለ ሃምሳ አለቃው። «የእኔ ልጆች ግማሹን አያውቁትም።»

ፔርኔት ጎመኑን ማካፈል ጀመረች። ሰውየው ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ሱዛን ጀርባ መጥቶ ቆመና እጁን ወደ ራሷ ዘረጋ።

የሱዛን ራስ ላይ ነጭ የጨርቅ ቆብ አለ። ከቆቡ ሥር ፀጉሯ ተጠቅልሎ ታስሯል። በፀጉሩ ውስጥ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ አለች፤ በፈረንሳይኛ የታተመች፣ ሁግኖቶቹ የሚዘምሩባት። ፔርኔት የመጡ ዕለት «አቃጥዪያት» ብላ ለምናት ነበር። ሱዛንም «የእናቴ ናት» ብላ ዝም አለች። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሰውየው እጅ ወደ ቆቡ ቀረበ።

«አምላኬ፣ አንተ ድረስልን» አለች ፔርኔት።

በልቧ ያለችው መስሏት ነበር።

ሃምሳ አለቃው እጁን ከሱዛን ራስ በላይ አሳልፎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል ትልቁን ጭልፋ አወረደ። ገንፎውን ሊጨልፍበት ነበር። ጭልፋውን እንደያዘ ቆመና ዞሮ አያት።

«ምን አልሽ?»

«እኔ? ምንም።»

«ብለሻል። ማን ነው ‹አንተ›?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ሰውየው ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። አልተቆጣም። ይልቁንስ የደከመው መሰለ፤ ቁጭ ብሎ እንዳይበላ የከለከሉት ዓይነት።

«ስሚ፣ እመቤት» አለ። «እኔ ማንበብ ብዙ አልችልም። ግን አምስት ዓመት ሙሉ የሁግኖት ቤት ነው ያደርኩት። ፑዋቱ፣ ቤያርን፣ ሞንቶባን። አልጋቸውን ወስደናል። ሌሊት ሌሊት ጆሯቸው ሥር ከበሮ መተናል፣ ‹ተለወጥኩ› ብለው እስኪፈርሙ። ሰው ሲጨንቀው እንዴት እንደሚጮህ እኔን ጠይቂኝ። ካቶሊኩ እመቤታችንን ይጠራል፣ ወይ ‹ይድረሱልን› ይላል። አንተ፣ አንተ የሚሉት እነሱ ናቸው። ከጎረቤት እሳት የሚጭሩ ይመስል።»

«እኔ እዚሁ ነው የተጠመቅሁት» አለች ፔርኔት። «አባ ሪጎሌን ይጠይቁ።»

«እጠይቃለሁ።»

ደጅ ያለውን ወታደር ላከው። አባ ሪጎሌ ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ የምሳቸውን ናፕኪን አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ መጡ። ወፍራም፣ የዋህ፣ ከጠብ ይልቅ ሾርባ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው አመድ ሆነ። ፔርኔትን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደገባቸው ፔርኔት ከዓይናቸው አወቀች።

«ይህችን ልጅ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፣ የዳርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሰው አፍ የምታመልጥ ቃል ሁሉ ትመዘን ወይ፣ ሃምሳ አለቃ?»

«እሷን ይተዉአት። እነዚህንስ?»

አባ ሪጎሌ ናፕኪናቸውን አውልቀው አጣጠፉት። ቸኩለው ነበር፤ ነገሩን በአጭሩ ዘግተው ሁሉንም ሊያድኑ።

«‹አባታችን ሆይ›ን ይበሉ፤ እኛም ምሳችንን እንብላ። አንቺ ጀምሪ፣ ልጄ።»

ሱዛን አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ልጅቱም ደገመችው፤ እንዲያውም ለቄሱ ሲሆን ጊዜ በዜማ አደረገችው። አባ ሪጎሌ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«በቃ። ሽማግሌው ደንቆሮ ናቸው፤ ይተዉአቸው።»

«ጆሯቸው እንጂ ምላሳቸው አልታመመም እኮ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ በጣቱ ወደ አፋቸው እያመለከተ።

ፔርኔት ጌዴዎንን ማየት አልቻለችም። እንደማይሉት ታውቃለች። ስልሳ ስምንት ዓመት ያሉትን ሊጥሉ? በግድግዳው በኩል ሱዛን የልጇን እጅ ይዛ ነበር። አንድ ሰው አንዲት ቃል ቢል ሁሉም ይድናል፤ ያም ሰው ጌዴዎን ነበሩ።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሃምሳ አለቃውን ሳይሆን ኤስቴርን አዩ።

«በሰማያት የሚኖሩ አባታችን ሆይ» አሉ። «ስምዎ ይቀደስ።»

ሱዛን ዓይኗን ጨፈነች። ፔርኔት ጆሮዋን አላመነችም። ለካ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዳምጡ ነበር። ለካ ያኮረፉ መስለው ሲያጠኑ ነበር። አንዲቱን ቃል እንደ ትኩስ ፍም በአፋቸው እያገላበጡ፣ በዝግታ፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ ሄዱ። መንግሥትዎ ትምጣ። የዕለት እንጀራችንን ይስጡን። በደላችንን ይቅር ይበሉን። አንድም ቦታ አልሳቱም። አባ ሪጎሌ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

«ወደ ፈተና አያግቡን፤ ከክፉ ያድኑን እንጂ» አሉ ጌዴዎን። ከባዱን ወንዝ እንደተሻገረ ሰው ፊታቸው በራ፤ ድምጻቸውም ከፍ አለ። «መንግሥት የእርስዎ ናትና፣ ኃይልም፣ ክብርም፣ ለዘለዓለሙ አሜን።»

ካቶሊክ «ከክፉ ያድኑን» ሲል «አሜን» ብሎ ያቆማል። «መንግሥት» የምትለዋ የሁግኖቶቹ ናት፤ እነሱ መጽሐፍ ላይ ናት ያለችው። ፔርኔት ልጅቱን እዚያ ላይ እንድታቆም አስተምራታለች፤ ሽማግሌው ግን ያን ጊዜ ወንዝ ዳር ነበሩ። እንዲማሩ ደግሞ ማን አስቦ?

አባ ሪጎሌ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ያችን ጅራት ማን ቀጠላት?» አለ ሃምሳ አለቃው። ሲናገር ድምጹ ዝቅ ያለ ነበር። መልስም አልጠበቀም፤ ወደ በሩ ሄዶ ሁለት ወታደር ጠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ሱዛን ተነሣች፤ ቆቧን አወለቀች፤ ፀጉሯን ፈትታ ትንሿን መጽሐፍ አውጥታ ከጭልፋው አጠገብ አኖረቻት።

«የእኔ ናት» አለች። «እነዚህ ሰዎች ምንም አያውቁም። ዋሽተናቸው ነው።»

«ሱዛን» አለች ፔርኔት።

ሱዛን አየቻት። እንዲያ ያለ አስተያየት ፔርኔት ከዚያ በፊት ከእሷ ዓይን አይታ አታውቅም፤ ጌታ አሽከሩን እንደሚያየው ነበር።

«ይህች ሴት አባቴ ዘንድ ፈትል ጠቅላይ ነበረች። ደግ ስለሆነች አታለልናት። አንተ ማለቷንም ከእኛ ቤት ነው የለመደችው፤ ሠራተኛ የጌታውን አነጋገር ይለምዳል። በመካከላችን ሌላ ምንም አልነበረም።»

ሃምሳ አለቃው አንዴ ይችን አንዴ ያችን አየ። ያመነ አይመስልም። አባ ሪጎሌ ግን ቶሎ ብለው፣ «እውነት ነው፣ እኔ እመሰክራለሁ» አሉ፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። አንድ ቤት ሙሉ ለማሰር ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ምስክር፣ ሌላ ቀን ያስፈልጋል፤ ገንፎው ደግሞ እየቀዘቀዘ ነው።

ፔርኔት «ውሸት ነው፣ እህቴ ናት፣ አውቄ ነው ያስጠጋኋት» ማለት ነበረባት። አንቴልምን አሰበች፤ ሁግኖት በቤቱ የደበቀን ወንድ የሚጠብቀውን መቅዘፊያ፣ ሰንሰለቱን። አልተናገረችም። ሳይፈለግ ያመለጣት አፍ፣ ሲፈለግ ጠፋ።

«ልጅቱ ለካቶሊክ ትሰጣለች፤ አዋጁ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እዚሁ ትቅር» አሉ አባ ሪጎሌ። «ቤቱ ልጅ የለውም። እኔም በየቀኑ መጥቼ ትምህርቷን አያለሁ።» ይህን ሲሉ ምሕረት ያደረጉ መስሏቸው ነበር፤ ደግሞም ሌላ የሚሰጡት ምንም አልነበራቸውም።

ፔርኔት አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስጠኝ ስትል ኖራለች። እንዲህ አልነበረም ያለችው።

ሱዛን ልጇ ፊት ተንበርክካ፣ ያላለቀውን ጉንጉን ጨረሰችላት። ወታደሮቹ ቆመው ጠበቋት።

«እትዬ ፔርኔት የምትልሽን ሁሉ አድርጊ» አለቻት። «በይ ያለችሽን በይ። እኔ አልቆጣሽም፤ እሺ?»

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ጉንጉንሽን እንዳትፈቺው» አለችና ተነሣች።

ጌዴዎንን ደጃፉ ላይ እጃቸውን በገመድ አሰሯቸው። ፔርኔት የሱፍ ሻርፗን አንገታቸው ላይ ልትጠመጥምላቸው ተጠጋች። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ነበር። አንዴ ቄሱን፣ አንዴ ወታደሩን ሲያዩ ቆይተው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ፔርኔት» አሉ በሹክሹክታ። «ልክ አልነበረም እንዴ? የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

ምን ትበላቸው? የትኛው ቃል እንዳጠፋቸው ብትነግራቸው፣ ያችን ቃል ሰንሰለት ውስጥ እየደጋገሙ ይሞቱባታል። የመጀመሪያዋ ቃል የእሷ መሆኗን ብትነግራቸው፣ ይቅር ይሏታል፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

«አልተሳሳቱም፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ሁሉንም ልክ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ለምን ይወስዱኛል?»

ወታደሩ ገመዱን ሳበ። ሱዛን ዘወር ብላ አላየችም፤ ፔርኔት ምኔም አይደለችም ብላለችና ማየት አልነበረባትም። ጭቃው ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ከፈረሶቹ ኋላ ሄደች።

አንቴልም የመጣው እነሱ መታጠፊያውን ባለፉ ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። በጓሮ በኩል፣ በወይኑ ተክል መሐል እያቋረጠ ስለመጣ ማንንም አላየም። ቦቱን በደጃፉ ድንጋይ ላይ እያራገፈ፣

«ውሃው ጎድሏል» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ደስ ብሎት። «አሁኑኑ ይምጡ ይላል ባለጀልባው፣ ሳይመሽ።» ከዚያ ጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠውን ሃምሳ አለቃ አየ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

ሃምሳ አለቃው አንገቱን አቀርቅሮ ገንፎውን ይበላ ነበር። ቀና ብሎ «ማን ነው የሚመጣው?» አላለም። ሰምቶ ይሆናል፣ ላይሰማም ይችላል። ትንሿ መጽሐፍ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። አባ ሪጎሌ ከጎኑ ተቀምጠው፣ ፊታቸው የቀረበውን ሳህን አልነኩትም።

ፔርኔት ልጅቱን ወደ ማዕዱ አመጣቻት። ሌላ ምን ልታደርጋት? የበረደውን ገንፎ ፊቷ አኖረች። ኤስቴር ማንም ሳይነግራት እጇን አጣመረች፤ ጸለየችም፤ ከክፉ ያድኑን ስትል አቆመች፤ አማተበች። ቄሱ በወረቀቱ ስሟ «ተባረኪ፣ ማሪ» አሏት። እሷም የተጎነጎነ ፀጉሯን በአንድ እጇ እንደያዘች ሁለት ማንኪያ በላችና ወደ ፔርኔት ቀና አለች።

«ውሃ ይስጡኝ» አለቻት።

ፔርኔት ቆማ አየቻት። ልጅቱ ያጠፋች መስሏት፣ ቃሉን አስተካክላ ደገመችው።

«እባክዎን፣ ውሃ ይስጡኝ።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ አባ ሪጎሌ፣ ደስ ሳይላቸው።

ፔርኔት እንስራውን አንሥታ ቀዳችላት።